የልብ የውስጥ ሽፋን ሲቆጣ፦ መርፌ ወይስ ክኒን፣ ደሴ ወይስ አዲስ አበባ?

ደሴ ላይ አንድ ልጅ «ጉልበቴን አመመኝ» ሲል መጀመሪያ የሚከሰሰው ብርዱ ነው። የጦሳ ተራራ ነፋስ መታው፣ ጋቢ ደርቡለት ይባላል። ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ደግሞ ትኩሳት የያዘው ሁሉ ወባ ነው፤ ወባ ካልሆነ ታይፎይድ። ግምቱ ብዙ ጊዜ ልክ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ግን ጉዳዩ ያለው ልብ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ በከንቱ ያለፈ እያንዳንዱ ሳምንት ልብን ይጎዳል።

ታናሽ እህቴ የልብ ቫልቭ፣ ማለትም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው የልብ በር፣ ታማሚ ናት። ቤታችን ውስጥ «ይሄ ይሻላል፣ ያ ይሻላል» የሚለው ክርክር ተነሥቶ አያልቅም። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን የሚያክሟትን ሐኪሞች ስጠይቅና የሕክምና መመሪያዎችን ሳገላብጥ የገባኝን ለሌላ ቤተሰብ ባካፍል ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የመድኃኒቱንና የመጠኑን የመጨረሻ ቃል ሐኪማችሁ ይናገር።

መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ይለይ

ልብ ሦስት ንብርብር አለው። ከውጭ ከረጢት፣ መሃል ላይ ጡንቻ፣ ከውስጥ ደግሞ ደሙን የሚነካ ስስ ሽፋን። ቫልቮቹ የተለበጡት በዚሁ በስሱ ሽፋን ነው። ለዚህ ነው የውስጡ ሽፋን ሲቆጣ ቫልቮቹ የሚበላሹት። የውጪው ከረጢት ሲቆጣ መልኩ ሌላ ነው። ሲተነፍሱ የሚወጋ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ሲሉ ቀለል የሚል የደረት ሕመም ያመጣል። በእኛ አገር ከኋላው ቲቢ ሊኖር ስለሚችል የቲቢ ምርመራ ይፈልጋል። እሱን እዚህ ላይ ልተወውና ወደ ውስጡ ልግባ።

የውስጡ ሽፋን በዋናነት በሁለት መንገድ ይቆጣል። አንደኛው የሪህ ትኩሳት (ሩማቲክ ፊቨር) ነው። ልጁ ጉሮሮውን ይታመማል፤ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ጉሮሮው ይድንና ይረሳል። ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ባክቴሪያውን ሲዋጋ የነበረው የሰውነት መከላከያ ወደ ራሱ አካል ይዞራል። ጉልበት ያብጣል፣ እሱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ክርን። ሕመሙ ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ ይዞራል። ብርድ ነው የሚባለው ይሄኔ ነው። አንዳንድ ልጆች፣ በተለይ ሴቶች፣ እጃቸውና ፊታቸው ሳይፈልጉ ይወራጫል። ይህን ጂን ነው፣ ዛር ነው ብለው ልጅቷን ከቦታ ቦታ ያንከራተቱ ቤተሰቦች አሉ። እሱም የዚሁ ሕመም ምልክት ነው። በብዛት የሚያዙት ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። በልብ ውስጥ ይበልጥ የሚጠቃው ደግሞ በግራ በኩል ያለው ሚትራል የሚባለው ቫልቭ ነው።

ሁለተኛው ራሱ ባክቴሪያው ልብ ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ ነው። ሐኪሞች ኢንዶካርዳይተስ ይሉታል። ከተበላሸ ጥርስና ድድ፣ ከቆዳ ቁስል፣ አንዳንዴም ደም ሥር ውስጥ ከሚገባው ቀጭን ቱቦ (ካኑላ) ተነሥቶ ደም ውስጥ ይገባል። ጤነኛ ቫልቭ ለስላሳ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይዝለትም። ሪህ ያጠቃው ቫልቭ ግን ጠባሳ አለው፤ አቧራ ሻካራ ግድግዳ ላይ እንደሚይዝ ባክቴሪያው እዚያ ይለጠፋል። ከዚያ እየተከመረ እጢ የመሰለ ነገር ይሠራል። ቁራሹ ተገንጥሎ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ወደ ኩላሊትና ወደ ጣፊያም ይሄዳል። ምልክቱ ለሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳት፣ ድካም ነው። ጥፍር ሥር ስንጥር የመሰለ ቀጭን የደም መስመር ሊታይ ይችላል። የጣት ጫፍ ላይ ሲነኩት የሚያም እብጠትም አለ። ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን አካል የሚያጠቃበት ሕመም) ባለባቸውና ካንሰር በጠናባቸው ሰዎች ላይ ያለ ባክቴሪያ የሚመጣ ዓይነትም አለ፤ እሱ ብዙም አያጋጥምም።

እንግዲህ ልዩነቱ ይህ ነው። በሪህ ጊዜ ቫልቩ ላይ ባክቴሪያ የለም። አንቲባዮቲክ የሚሰጠው የተጎዳውን ቫልቭ ለማዳን ሳይሆን ሌላ ዙር እንዳይመጣ ነው። በኢንዶካርዳይተስ ጊዜ ግን ባክቴሪያው እዚያው ነው፤ አንቲባዮቲኩ የሚገባው ሊገድለው ነው። መጠኑም ጊዜውም በጣም ይለያያል። ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊት ኢንዶካርዳይተስ የያዘው ሰው አይተርፍም ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬም እየታከመ ቢሆን ከአምስት ሰው አንድ ያህሉ ሆስፒታል ሳለ ያልፋል።

ትኩሳቱ አልለቀቀም፦ ፋርማሲ ወይስ የደም ካልቸር?

እዚህ ላይ ሁለት ሐሳብ የለኝም። ቫልቩ የታመመ ሰው፣ ወይም ልብህ ያልተለመደ ድምፅ አለው ተብሎ የሚያውቅ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥ የለበትም። ደም ይስጥ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኢንዶካርዳይተስን ከሚያረጋግጡት ሁለት ትልልቅ ነገሮች አንዱ የደም ካልቸር ነው። ሌላው ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ። ለካልቸሩ ደም ከተለያየ የደም ሥር፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጊዜ ይወሰዳል። ባክቴሪያው ላቦራቶሪ ውስጥ እንዲያድግ ይደረጋል። ስሙ ይታወቃል፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውም ይታወቃል። ሰውየው ቀድሞ ለሦስት ቀን አሞክሳሲሊን ወይም ሲፕሮ ከዋጠ ግን ባክቴሪያው ይዳከምና ካልቸሩ ባዶ ሊመጣ ይችላል። መድኃኒቱ አልገደለውም፣ ደበቀው እንጂ። ትኩሳቱ ለሳምንት ይተውና ይመለሳል። ሐኪሙም ከዚያ በኋላ በግምት ነው የሚያክመው።

የእኛ አካባቢ ችግር «ታይፎይድ ነው» የሚለው ወረቀት ነው። አንድ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ የታይፎይድ መድኃኒት ሲወስድ አይቻለሁ። ከጣት ላይ በምትወሰድ ጠብታ ደም የሚነገር ታይፎይድ እምነት የሚጣልበት አይደለም። የወባ ምርመራ ኮምቦልቻ ላለ ሰው ግድ ነው፤ ይደረግ። ወባው ነጻ ከሆነና ትኩሳቱ ከሳምንት ካለፈ ግን «ልቤን አዳምጡልኝ» በሉ። በግልጽ ጠይቁ። ማዳመጫውን ደረት ላይ ማሳረፍ ገንዘብ አያስወጣም።

ደሴ ላይ ኢኮ ይሠራል። የባክቴሪያ ካልቸር የሚሠራ ላቦራቶሪም አለ፤ የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የደሴ ቅርንጫፍ አንዱ ነው። ይህ ማለት ምርመራው ሩቅ አይደለም። ኮምቦልቻ ላለ ሰው የሐረጎን ዳገት መውጣት ብቻ ነው።

ስለ ኢኮ አንድ ነገር ልጨምር። በደረት ላይ የሚደረገው ኢኮ ምንም አላሳየም ማለት ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። ትንሽ እጢ ሊያመልጠው ይችላል። ጥርጣሬው ጠንካራ ከሆነ ከሳምንት በኋላ ይደገማል፤ ወይም በጉሮሮ በኩል የሚገባው ዓይነት ይታዘዛል።

ለልጆች ጉሮሮም ፋርማሲው አይመረጥም። በስትሬፕቶኮከስ የመጣ የጉሮሮ ሕመም ከጀመረ በ9 ቀን ውስጥ በአግባቡ ከታከመ የሪህ ትኩሳትን ማስቀረት ይቻላል። ምርጫው ሁለት ነው፤ አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወይም ለ10 ቀን የሚዋጥ ፔኒሲሊን ወይም አሞክሳሲሊን። ልጅ በሦስተኛው ቀን ተሽሎት ኳስ ሜዳ ሲሄድ ክኒኑ ይረሳል። እናት ከሥራ የምትውል ከሆነ መርፌው ይሻላል እላለሁ። እንጥል ማስቆረጥ ግን ምርጫ ውስጥ አይገባም። ከሪህ አያድንም፤ ደም መፍሰስና ቁስል ነው ትርፉ።

የወር መርፌ ወይስ የየቀን ክኒን?

አንዴ የሪህ ትኩሳት የያዘው ሰው ሌላ ዙር እንዳይመጣበት ለዓመታት ፔኒሲሊን ይወስዳል። በእኛ ቤት ብዙ የተከራከርነው በዚህ ላይ ነው፤ በሌሎችም ቤት እንደዚያው ይመስለኛል።

መርፌው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። ለአዋቂ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት፣ ክብደቱ ለቀለለ ሕፃን ግማሹ፣ በየ4 ሳምንቱ ይወጋል። አደጋው ከፍ ላለባቸው በየ3 ሳምንቱ ይሆናል። ክኒኑ ፔኒሲሊን ቪ ሲሆን ለአዋቂ 250 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው። በዓመት ሲሰላ መርፌው 13 ነው፤ ክኒኑ 730። ይህን ቁጥር ብቻ ማየት ለእኔ በቂ ነበር። 730 ጊዜ የማይረሳ ሰው አላውቅም። ፔኒሲሊን ቪ ሲጠፋ ደግሞ ፋርማሲ ለፋርማሲ መዞር አለ።

ስለ መርፌው ጠንካራ ማስረጃ የመጣው ከዚሁ ከምሥራቅ አፍሪካ ነው። በኡጋንዳ 818 ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥቷል። ልጆቹ ምልክት ያላሳየ፣ በኢኮ ብቻ የታየ የሪህ የልብ ሕመም ያለባቸው ናቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሕመሙ የባሰባቸው መርፌውን ከሚወስዱት 0.8 በመቶ ብቻ ነበሩ። ካልወሰዱት ግን 8.2 በመቶ።

ለምን ያህል ጊዜ ነው? ልብ ካልተነካ ቢያንስ 5 ዓመት ወይም እስከ 21 ዓመት ዕድሜ። ልብ ተነክቶ ከዳነ 10 ዓመት ወይም እስከ 21። ቫልቩ ተጎድቶ ከቀረ 10 ዓመት ወይም እስከ 40 ዓመት ዕድሜ፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልክ። ከሁለቱ የሚረዝመው ነው የሚያዘው።

መርፌው ያማል። እውነት ነው፣ ያማል። ግን ማቅለያ አለ። በሊዶካይን መበጥበጥ ይቻላል፤ ባለሙያውን ጠይቁ። ቀስ ብሎ ይገፋ። ታማሚው በልቶና ውኃ ጠጥቶ ይሂድ፣ ጋደም ብሎ ይወጋ። ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እዚያው ይቆይ። አንዳንድ ቦታ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ፔኒሲሊን መውጋት ይፈራሉ። እህቴ ወረቀቷን ይዛ ሄዳ «እኛ አንወጋም» ተብላ የተመለሰችበት ጊዜ አለ። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ አለርጂ ሊገድል ይችላል። ነገር ግን እንዲህ ያለው አለርጂ በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚከሰተው፤ አድሬናሊን ተዘጋጅቶ የሚሰጥበት ቦታ ካለ ደግሞ መፍትሔ አለው። ስለዚህ አንድ ጊዜ የሚወጋችሁን ጤና ጣቢያ ካገኛችሁ እሱን አትልቀቁ።

እንዲያም ሆኖ ክኒኑ የሚሻልበት ሰው አለ። ቫልቩ በጣም የጠበበ ወይም በጣም የሚያፈስ፣ የልብ ድካም ያለበት፣ ሲራመድ የሚያለከልክ ሰው ክኒኑ ይመረጥለታል። ከመርፌው በኋላ የተከሰቱ አንዳንድ ሞቶች በአለርጂ ሳይሆን የተዳከመው ልብ ድንጋጤውንና የደም ግፊት መውረዱን ባለመቻሉ እንደሆነ ይታመናል። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም ይህንኑ ምክር አውጥቷል። እንዲህ ያለ ታማሚ ካለባችሁ «በክኒን ይቀየርላት ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፔኒሲሊን የማይስማማው ደግሞ ኤሪትሮማይሲን ይሰጠዋል።

ረመዳን ሲገባ ጥያቄው ይነሣል። የቀን ሁለቴ ክኒን በኢፍጣርና በሰሁር መውሰድ ይቻላል። የልብ ድካም መድኃኒት፣ በተለይ ሽንት የሚያበዛው ክኒን የሚወስድ ሰው ግን መጾሙን ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ ይነጋገርበት። ጠበሉም ዱዓውም ከመርፌው ጋር አይጣላም። ጠበል ገባሁ ብሎ የወሩን መርፌ መተው ነው የሚጎዳው። ሴት ልጅ ስትዳር ታማሚ ናት እንዳይባል መርፌውን የምታቋርጥበትም ጊዜ አለ። እህት ዓለም፣ አብሽሪ፤ በእርግዝናም ጊዜ ቢሆን ፔኒሲሊን ይወሰዳል። እንዲያውም የታመመ ቫልቭ ይዞ ማርገዝ ክትትል የሚፈልግ ስለሆነ ባልሽ ቢያውቅ ነው የሚሻለው።

አንድ የሚምታታ ነገር አለ። የወሩ መርፌ ከሪህ ነው የሚከላከለው፤ ከኢንዶካርዳይተስ አይከላከልም። ለዚያ ጥርስ ነው የሚጠበቀው። ብሩሽም ሆነ መፋቂያ፣ በየቀኑ። ሰው ሠራሽ ቫልቭ የገባለት ወይም ከዚህ በፊት ኢንዶካርዳይተስ የያዘው ሰው ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ አንቲባዮቲክ ይወስዳል፤ የተለመደው 2 ግራም አሞክሳሲሊን ነው። በየወሩ ፔኒሲሊን የሚወጋ ሰው ሌላ ዓይነት ሊታዘዝለት ስለሚችል ለጥርስ ሐኪሙ ይንገር። ለሪህ ቫልቭ የየአገሩ መመሪያ ስለሚለያይ የልብ ሐኪሙን መጠየቅ ነው።

አልጋ ይዞ መታከም ወይስ ቤት?

ኢንዶካርዳይተስ ከተረጋገጠ በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ከሆነ ቢያንስ 6። ቤተሰብ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ትኩሳቱ ሲጠፋ «ተሽሎታል፣ ቤቱ ይሂድ» ይላል። እባካችሁ አታውጡት። እጢው ውስጥ የተደበቀው ባክቴሪያ በቶሎ አይሞትም።

በዴንማርክ በ400 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ሁኔታቸው የተረጋጋ ሰዎች ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ ወደ ክኒን ሊሸጋገሩ እንደሚችሉ አሳይቷል። ግን ባክቴሪያው በስም የታወቀ፣ ኢኮ የተደገመ፣ ክትትሉ የጠበቀ ነበር። ከወረኢሉ ወይም ከወረባቦ መጥቶ የሚመለስ ሰው ያን ክትትል አያገኝም። ለእሱ አልጋው ይሻላል። ደሴ ከተማ ውስጥ ለሚኖር፣ ሐኪሙም ካመነበት፣ በቀን አንዴ የሚሰጠውን ሴፍትሪያክሶን ለቀሩት ሳምንታት እየተመላለሰ መውሰድ ሊቻል ይችላል። ጄንታማይሲን አብሮ ከታዘዘ ኩላሊቱ በደም ምርመራ መታየቱን አረጋግጡ።

ቀዶ ሕክምና ከተባለ

መድኃኒት ብቻውን የማይበቃባቸው ጊዜያት ይታወቃሉ። ቫልቩ ተቀዶ የልብ ድካም ሲመጣ፣ አንቲባዮቲኩ እየተሰጠ ኢንፌክሽኑ ሲስፋፋ፣ እጢው ከ10 ሚሊ ሜትር በልጦ ቁራጭ መላክ ሲጀምር። ያኔ «መድኃኒቱን ይጨርስና እናያለን» ማለት አደገኛ ነው።

በሪህ ለተጎዳ ቫልቭ ግን ምርጫው ሰፋ ይላል። ሚትራል ቫልቩ የጠበበ ብቻ ከሆነና ቅርጹ ከፈቀደ ደረት ሳይከፈት በብሽሽት በኩል በሚገባ ፊኛ ይሰፋል። ይህ ከተቻለ የሚቀድመው ነው። ቀጥሎ ቫልቩን መጠገን። መቀየር የመጨረሻው ነው። የሚቀየረውም ብረት ነክ ወይም ከእንስሳ የተሠራ ነው።

ብረት ነኩ ዕድሜው ረጅም ነው። ግን ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚባል ክኒን ዕድሜ ልክ ያስውጣል። ዋርፋሪን አይ.ኤን.አር የሚባል፣ ደም ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚለካ ምርመራ በየጊዜው ይፈልጋል። ለሚትራል ቫልቭ ቁጥሩ ከ2.5 እስከ 3.5 ይጠበቃል። ሲያንስ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፤ ሲበዛ ይደማል። ጎመን ደግሞ ቁጥሩን ያወርዳል። ጎመን አትብሉ ማለት አይደለም፤ በዓመቱ ውስጥ በተመሳሳይ መጠን ብሉ ነው። በሁዳዴ በየቀኑ ጎመን፣ በፋሲካ ምንም ከሆነ ቁጥሩ ይዋዥቃል፤ ስለዚህ ጾም ሲገባና ሲፈታ ምርመራው ይደረግ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች በራስ መግዛት ክልክል ነው። አዲሶቹ ምርመራ የማይፈልጉ ክኒኖች ለብረት ነክ ቫልቭ አይሆኑም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ከ4,500 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናትም የሪህ የልብ ሕመም ላለባቸውና የልብ ምታቸው ለተዛባ ሰዎች ከአዲሶቹ አንዱ ከሆነው ከሪቫሮክሳባን ይልቅ ዋርፋሪን የተሻለ መሆኑን አሳይቷል።

ከእንስሳ የተሠራው ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን አያስፈልገውም። ግን ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ያልቃል፤ በወጣት ላይ ደግሞ ቶሎ። ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይመጣል።

የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። ከተማ ያለ፣ ምርመራውን የማያቋርጥ ወጣት ወንድ ብረት ነኩን ቢመርጥ ያዋጣዋል። መውለድ የምትፈልግ ሴት ግን ሁለት ጊዜ ታስብበት። ዋርፋሪን በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው እርግዝና ፅንሱን ይጎዳል። ለእሷ የእንስሳው ቫልቭ፣ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና እንዳለ እየታወቀም፣ ሚዛን ሊደፋ ይችላል። ምርመራ ከሌለበት ገጠር ለሚኖርም እንደዚያው። ይህን ጥያቄ ከቀዶ ሕክምናው በፊት እሷው ራሷ ትጠይቅ፤ አባትና ወንድም ብቻ ገብተው አይወስኑላት።

ደሴ ወይስ አዲስ አበባ?

ብዙ ቤተሰብ ልብ የሚለውን ቃል ሲሰማ በሬ ሸጦ አዲስ አበባ ይገባል። 400 ኪሎ ሜትር ነው። ቤት ኪራይ፣ የአስታማሚ ወጪ፣ ከዚያ ወረፋ። ለምርመራ፣ ለወር መርፌና ለ6 ሳምንቱ አንቲባዮቲክ ደሴ ይሻላል። አስታማሚው ቤቱ ያድራል፤ ምግብ ከቤት ይመጣል።

አዲስ አበባ የግድ የሚሆነው ለቀዶ ሕክምናና ለፊኛ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል በዚህ የታወቀ ነው። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላይ የመጣ ኢንዶካርዳይተስ፣ ስትሮክ ያስከተለ ወይም የልብ ድካሙ በየቀኑ የሚብስ ሰው ቶሎ ሪፈር ይጻፍለት። አንቲባዮቲኩ ግን ካልቸሩ ከተወሰደ በኋላ ደሴ ላይ ይጀመር፤ መንገድ ላይ እንዳይቋረጥም ተነጋገሩ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈሩ ተራ ሂዱ፤ በራስ ተነሥቶ መሄድ ሽፋኑን ሊቀንስ ወይም ሊያሳጣ ይችላል።

ስትሄዱ የኢኮውን ወረቀትና ምስል፣ የካልቸሩን ውጤት፣ የተወሰደውን አንቲባዮቲክ ስምና የጀመረበትን ቀን፣ የመጨረሻው የፔኒሲሊን መርፌ የተወጋበትን ቀን ያዙ። ዋርፋሪን የሚወስድ ከሆነ የአይ.ኤን.አር ደብተሩም አይቅር።